የመምህር ዐይን እስከ የት ድረስ?

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ፣ ከመማሪያ ክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከምግብ አዳራሽ ወደ መኝታ ክፍል ሲከተለን ሰንብቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ኮምፒዩተር ቢያድል፣ ተማሪው ይዞት ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ በዚያው ኮምፒዩተር አማካይነት ሊያየውና የጻፈውን ሊያነብበት መብት አለው ወይስ የለውም? ገሚሳችን «ንብረቱ የትምህርት ቤቱ እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው!» አለ። ገሚሳችን ደግሞ «ኮምፒዩተሩ የትምህርት ቤቱ ይሁን፤ ቤቱ ግን የትምህርት ቤቱ አይደለም» ሲል ተቃወመ። ይህን ጽሑፍ በጋራ ያዘጋጀነው ዕጩ መምህራን ከሁለተኛው ወገን ነን። ምክንያታችንን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

የክርክሩ መነሻ በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ የተወሳ አንድ የአሜሪካ ጉዳይ ነው። በፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት፣ በፊላደልፊያ ከተማ አጠገብ፣ ሎወር ሜሪየን የሚባል የትምህርት ቤቶች አስተዳደር አለ። አስተዳደሩ በሥሩ ባሉት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 2,300 ያህል ተማሪዎች አንዳንድ ላፕቶፕ አደለ። ተማሪው በክፍልም በቤቱም እንዲማርበት ነበር የታሰበው። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ማናችንም ብንሆን ለተማሪዎቻችን የምንመኘው ነው።

ታዲያ በየላፕቶፑ ውስጥ፣ ዕቃው ቢሰረቅ ለማግኘት ይረዳል የተባለ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ ከሩቅ ሆኖ ሲከፈት፣ ከስክሪኑ በላይ ባለችው ካሜራ በየ15 ደቂቃው ፎቶግራፍ ያነሣል። በዚያች ቅጽበት በስክሪኑ ላይ ያለውንም ገልብጦ ወደ አስተዳደሩ ሰርቨር ይልካል። ስለዚህ ነገር ለተማሪዎችም ሆነ ለወላጆች በደንብ ተገልጾ የተሰጠ ማስታወቂያ አልነበረም። ተማሪው የሚያየው ነገር ቢኖር፣ ከካሜራዋ አጠገብ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብላ ስትጠፋ ነው። ተማሪዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ «ይህች መብራት ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «የመሣሪያው ብልሽት ነው» የሚል ነበር። ልብ በሉ! መብራቷ እውነቱን ተናግራለች። እውነቱን ያልተናገሩት ሰዎቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 አንዲት ምክትል ዲሬክተር አንድ የ15 ዓመት ተማሪ አስጠርተው፣ ቤቱ ውስጥ ያልተገባ ነገር ሲሠራ መታየቱን ነገሩት። ይህ በልጁና በቤተሰቡ ክስ ላይ የሰፈረ ቃል ነው። ማስረጃ የተባለው በላፕቶፑ ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ በእጁ የታየውን ነገር የአደንዛዥ ዕፅ ክኒን ነው ብለው ጠረጠሩት። ልጁ ግን ከረሜላ ነው አለ። ያ ላፕቶፕ አልተሰረቀም፤ አልጠፋምም። የ55 ዶላር መድን ስላልተከፈለበት ወደ ቤት መወሰድ አልነበረበትም ተብሎ ነው መከታተያው የተከፈተው። ከተከፈተ በኋላ ግን ሁለት ሳምንት ያህል የዘጋው ሰው አልነበረም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከልጁ ላፕቶፕ ከ400 የሚበልጡ ምስሎች ተወስደዋል። ከነዚህም መካከል ልጁ አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ የተነሡ ይገኙባቸዋል።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በተደረገው ምርመራም መከታተያው በሁለት ዓመት ውስጥ የሰበሰበው ምስል ከ50 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ሐሳብ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም በማለት ክስ ሳይመሠርት ቀረ። በኦክቶበር ወር ደግሞ አስተዳደሩ 610 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ።

«የወንጀል ሐሳብ አልተገኘም» የሚለው ቃል አንዳንዶቻችንን አጽናንቷል። እኛን ግን ይበልጥ ያሳሰበን እሱው ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት ልጆችን ለመጉዳት ያደመ ክፉ ሰው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ «እኛ እንደሱ አይደለንም» ብለን እናልፈው ነበር። የተገኙት ግን እንደኛው ያሉ የትምህርት ሰዎች ናቸው። ዕቃ እንዳይጠፋ የሚጠነቀቁ፣ የሥራ ብዛት ያለባቸው ሰዎች። የጎደላቸው ደንብ ነበር። ማን ይከፍታል? በማን ፈቃድ? መቼ ይዘጋል? ማን ያያል? ለነዚህ ጥያቄዎች የተጻፈ መልስ አልነበራቸውም። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ እዚያው ለልምምድ ይሠራ የነበረ ተማሪ ፕሮግራሙን አይቶ፣ ለተማሪዎች ሊነገራቸው ይገባል ሲል ለኃላፊው ጽፎ ነበር። ማንም ተማሪ በቤቱ እያለ አይታይምና አትሥጋ ተባለ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያን ጊዜ ነበር።

እንግዲህ የተቃዋሚዎቻችንን ሐሳብ አንድ በአንድ እንመልከት።

«ንብረቱ የትምህርት ቤቱ ነው» ለሚሉት፣ ትምህርት ቤት መጽሐፍም ያውሳል እንላለን። መጽሐፉ ቢጠፋ ተማሪው ይከፍላል፤ ቢቀደድ ይጠየቃል። ነገር ግን መጽሐፉን ያዋሰ መምህር፣ በመጽሐፉ ሰበብ የተማሪውን ጓዳ ገብቶ አያይም። ቤት ያከራየ ሰው እንኳ የተከራዩን በር ሳያንኳኳ አይከፍትም። ዕቃን ማዋስ ባለቤትነትን በዕቃው ላይ ያስቀራል እንጂ በተዋሰው ሰው ላይ ሥልጣን አይሰጥም።

«የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። ሰው ልብሱን ሲቀይር በሩን የሚዘጋው ወንጀል ስለሚሠራ ነውን? እናት ለልጇ ምክር ስትሰጥ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው ሌባ ስለሆነች ነውን? ሰው የራሱ የሆነ ጥግ ያስፈልገዋል። ለተማሪ ደግሞ የበለጠ ያስፈልገዋል። መማር ማለት መሳሳት ነውና። ሁልጊዜ የሚታይ መሆኑን ያወቀ ልጅ ያልተጣራ ሐሳቡን አይጽፍም፤ የሚያሳፍረውን ጥያቄ አይጠይቅም። ይህ ልጅ ጸጥተኛ ይሆናል እንጂ ጨዋ ሆነ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉም የጠነከረ ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። «ልጅ ጠባቂ ይፈልጋል። ዕቃ ይሰረቃል፤ ፈተና ይኮረጃል፤ በኢንተርኔት ሕፃናትን የሚያታልሉ ሰዎች አሉ። መምህር ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነው የምትሉት?» ይሉናል። አላልንም። በክፍል ውስጥ፣ በፈተና አዳራሽ፣ በጨዋታ ሜዳ የመምህር ዐይን ክፍት መሆን አለበት። ተማሪውም መምህሩ እንደሚያየው ያውቃል፤ ደወል ሲደወል ደግሞ ያ መታየት ያበቃል። ልዩነቱ ይህ ነው። በግልጽ፣ በታወቀ ቦታና ሰዓት፣ በታወቀ ምክንያት ማየት ጥበቃ ነው። ተደብቆ፣ ያለ ወሰንና ያለ ምክንያት ማየት ግን ስለላ ነው። ጥበቃ መተማመንን ይፈጥራል፤ ስለላ ያፈርሰዋል።

ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ለማየት ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ትምህርት ወደየቤቱ ሲገባ ፈተናውም ተከትሎ ገባ። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የሚገኝ የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ፣ ፈተና ከመጀመሩ በፊት የመኝታ ክፍሉን በካሜራ ዞር ዞር አድርጎ እንዲያሳይ ታዘዘ። ተማሪው አሳየ፤ ከዚያም ከሰሰ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022፣ ይህ አድራጎት ሕገ መንግሥቱ አለአግባብ ከሚደረግ ብርበራ የሰጠውን ጥበቃ የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ። ኩረጃን መከላከል ተገቢ ዓላማ መሆኑን የካደ የለም። ዓላማው ተገቢ ስለሆነ ብቻ ግን መንገዱ ሁሉ ተገቢ አይሆንም።

አሁን ደግሞ «ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ የኛ ትምህርት ቤት እንኳን ላፕቶፕ ጠመኔም ይቸግረዋል» የሚል ጓደኛችን አይጠፋም። እውነት አለው። ሆኖም በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕፃናት ተብሎ የተሠራው ኤክስኦ የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ በሺህ በሚቆጠር ብዛት ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ታድሎ ነበር። የዚያ ላፕቶፕ ሠሪዎች ካሜራው ወይም ማይክሮፎኑ ሲሠራ የሚበሩትን መብራቶች፣ በፕሮግራም እንዳይጠፉ አድርገው ከመሣሪያው ጋር አያይዘዋቸዋል። ልጁ መታየቱን እንዲያውቅ ከመጀመሪያው ታስቦበታል ማለት ነው። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን።

ደግሞስ ላፕቶፑ እስኪመጣ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ስልኩ በየተማሪው ኪስ ገብቷል። እዚህ ላይ ሌላውን ብቻ ነቅፈን ማለፍ ስለማይገባን የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ሦስታችን በአንድ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠን ትምህርት እንከታተል ነበር። የአንዲት ተማሪ ስልክ ጮኸ። መምህሩ ተቀበላት። መቀበሉ ደንብ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ አላቆመም። የገባውን መልእክት ከፍቶ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ዐረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ካለችው እኅቷ የተላከ ነበር። የፊደሉ ግድፈት ክፍሉን አሳቀው። እኛም ሳቅን። መምህሩ ቀጠለ። እኅትየዋ ደመወዟን ከተከለከለች ሦስተኛ ወሯ መሆኑን፣ ነገሩን ለእናታቸው እንዳትነግርባት የምትለምን ነበረች። ሳቁ ቆመ። ግን ምን ዋጋ አለው? በሰፈሩ ያ ወሬ ለማታው ቡና ደረሰ። እናትዬዋ የልጃቸውን ጉድ ከጎረቤት ሰሙ። ልጅቷ እኛ ልምምዳችንን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ በክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጇን አላወጣችም።

እዚያ ክፍል ውስጥ የተደበቀ ካሜራ አልነበረም። የነበረው «የተማሪ ነገር ሁሉ የኔ ነው» የሚል ልማድ ነው። ይህን ልማድ የያዘ መምህር ነገ 2,300 ላፕቶፕ ቢሰጠው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሦስታችንም «ቲቸር፣ ይበቃል» ለማለት አፋችን አልተከፈተም። ይህ ጽሑፍ አንድም ለዚያ ዝምታችን ካሣ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ላይ ማንም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው፣ በፖስታም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ደንግጓል። «ማንም ሰው» ሲል ዕድሜው ከዚህ በላይ የሆነ አላለም። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃን በሕግ አቁሟል። እንዲያም ሆኖ ሕግ በክፍል ውስጥ የሚጸናው በመምህሩ እጅ ነው። ለያንዳንዱ ክፍል ዳኛ አይመደብለትም።

በመሆኑም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለውይይት እናቀርባለን።

1ኛ) ለተማሪ የሚታደል ማናቸውም መሣሪያ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማና የሰበሰበውን ለማን እንደሚልክ መምህሩ አስቀድሞ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ አያድል።

2ኛ) ይህንኑ ለተማሪውና ለወላጁ በሚገባቸው ቋንቋ አስቀድሞ ይንገር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ማስፈረም መንገር አይባልም።

3ኛ) መከታተያ የግድ ካስፈለገ ማን እንደሚከፍተው፣ በማን ፈቃድና እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። አንድ ሰው ብቻውን አይክፈት፤ የተከፈተውም በመዝገብ ይያዝ።

4ኛ) በክፍል ውስጥ የጮኸ ስልክ ይወሰድ፤ ተዘግቶ ይቀመጥ፤ በሰዓቱ ይመለስ። መልእክቱ ግን አይነበብ።

5ኛ) የተማሪዎችን ውጤት ከነስማቸው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መበተን ይቅር። ውጤቱ ለባለቤቱና ለወላጁ ይነገር።

ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ «አደራ» ይላል። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ ፈቶ አይበረብርም። በቅርቡ እያንዳንዳችን ጠመኔ ይዘን በየወረዳው እንቆማለን። ከፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ደግሞ ከኛ ይልቅ ከመሣሪያው ጋር የሚውሉ ይሆናሉ። መሣሪያው ምን እንደሚያይባቸው ሲጠይቁን «ብልሽት ነው» የማንላቸው መምህራን እንሁን።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጓደኞቻችን ጻፉና ስጡን። ሰሌዳው የሁላችንም ነው።