ሥራ የሚመስል ስንፍና

በጣርማ በር ክረምት ጉም ሲወርድ ያየ ሰው የምናገረው ነገር ያለ ብዙ ማስረዳት ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን የመጣ መኪና ወደ ደብረ ሲና ለመውረድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስፈለፈለው ዋሻ አፍ ሲደርስ፥ ሹፌሩ መንገዱን አያየውም፤ የሚያየው ከፊቱ የሚሄደውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው። ፊተኛው በጥንቃቄ ቢነዳ ተከታዮቹ ሁሉ በደኅና ይወርዳሉ፤ ፊተኛው ሳያስታውቅ ቢቆም ግን ከኋላው ያለው ሁሉ ይጨነቃል። እንግዲህ ፊት መሆን ክብር ብቻ አይደለም፤ ለኋለኛው መብራት መሆን ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ መኪና ለመጻፍ አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ የኮምፒውተሩን ሥራ እንዲመሩ የተሾሙ ወጣቶች አሉ። ሕዝቡ የሥራቸውን ምሥጢር አያውቀውም፤ የእነሱን መብራት ብቻ እያየ ይከተላል። ቀድሞ ባለጉዳይን የሚመልሰው ቃል «ነገ ተመለስ» የሚለው ነበር፤ ዛሬ «ሲስተም የለም» ሆኗል። «ነገ ተመለስ» የሚለውን ጸሐፊ መገሠጽ ይቻል ነበር። ሲስተም ግን ፊት የለው፥ ስም የለው፤ ማን ይገሥጸዋል?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ከጣርማ በር ብዙ ወደማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከእኔ በፊት ከይፋት ቆላ የመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ስለ መሬታቸው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለባቸውና የይዞታቸውን ማስረጃ አሳትመው መውሰድ ይፈልጋሉ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ግን «እማማ፥ ሲስተም የለም፤ ትንሽ ይታገሡ» አለቻቸው።

ጠጋ ብዬ ብጠይቃት እውነቱን ነገረችኝ። መብራቱም ኮምፒውተሩም ደኅና ነው። ሌሊት የተዘጋውን አገልግሎት መልሶ ለመክፈት የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ግን ከኃላፊው በቀር በማንም እጅ የለም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ስልክ አያነሣም። «ለሌላም ሰው እንዲፈቀድ ከወር በፊት አሳስቤ ነበር፤ ይታሰብበታል አለኝ» ብላ አቀረቀረች። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተቀመጥን። ኃላፊው ሲመጣ በቆመበት ጥቂት ፊደል መታና ሁሉም ተከፈተ፤ ቡና ከጀበና ወደ ስኒ እስኪቀዳ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። እናቲቱ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ የመጨረሻው መኪና ሄዷል። እሳቸው ግን «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው መረቁት። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለምን እኔን ያሳፍረኛል? ኃላፊው ያስተማርሁት ልጅ ነበርና። ባየኝ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፥ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። በማለዳ ይገባል፥ አምሽቶ ይወጣል፤ ስልኩ ሲጮህ ይውላል፤ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ይሮጣል። እኔም የምከራከረው ከዚህ ሩጫ ጋር ነው። ተኝቶ የሚውለውን ሰነፍ ሁሉም ያውቀዋልና አይጎዳንም፤ ሥራ መስሎ የሚመጣው ስንፍና ግን ደመወዝ እየተከፈለው፥ እየተመሰገነም ያጠፋናል። አለቃ ብዙ መድከሙ የሥራ ምልክት አይደለም። የአለቃ ሥራ የሚለካው በራሱ ላብ ሳይሆን የሌላው ሥራ ባለመቆሙ ነው።

ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት እንዳይመስላችሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ኦሪት ዘጸአትን ስናነብ ምዕራፍ 18 ላይ የሙሴንና የአማቱን የዮቶርን ታሪክ እናገኝ ነበር። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ ሕዝቡ ቆሞ ይውል ነበር። ዮቶር ይህን ባየ ጊዜ «ምን ያለ ትጉህ ሰው ነው» ብሎ አላደነቀውም፤ ራስህንም ሕዝቡንም ታደክማለህ ብሎ ወቀሰው፤ ታማኝ ሰዎችን መርጦ ሥራውን እንዲያካፍል መከረው። ሙሴን የሚያህል ሰው ምክሩን ከተቀበለ፥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ምን ያህል ቢሆን ነው እንቢ የሚለው?

ከራሳችን ታሪክም እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእጅ ሥራ የነበራቸውን ፍቅር የሚክድ የለም። ጋፋት ላይ በፈረንጅ የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አሠሩ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ መንገዱ ሲጠረግ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዓይናቸው ያዩ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ትጋት ያለው መሪ ስንት አለን? ዳሩ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቆመ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ መድፍ የመሥራቱ ዕውቀት ግን አልቀረም። ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድና በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና፥ ያ ሰው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ደግሞ እንመልከት። በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አስተዳደሩም ብዙው ሙያም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጡ ሰዎች እጅ ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና መካኒኮች ከሥር ከሥር ሠለጠኑ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አሜሪካኖቹ ሲሄዱ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ አልቀሩም። በዚህ ሙያ የተፈታው ብሎን፥ የተለወጠው ዕቃ፥ ሁሉም በጽሑፍ ይመዘገባል፥ የሠራውም ይፈርምበታል፤ የማታው መካኒክ የቀኑን መካኒክ ቤቱ ድረስ ሄዶ መቀስቀስ አያስፈልገውም። ጋፋትንና አየር መንገዱን የለያቸው ትጋት ወይም የገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ዕውቀት በሰው ላይ ቀረ፥ በሌላው ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ሁለት ነገር ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ «መብራት ይጠፋል፥ መስመር ይቆረጣል፥ በጀትም የለም» ትላለህ። እውነት ነው። መብራት ሲጠፋ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ እንደሚጠፋ እያወቅህ በዚያ ሰዓት ለባለጉዳዩ ምን እንደሚደረግለት ሳትወስን መቅረትህ ግን የአንተ ነው። ቀጥለህም «የይለፍ ቃል ለሰው አይሰጥም፤ አደጋ አለው» ትላለህ። ይህም እውነት ነው፤ የራስህን ቁልፍ ለማንም አትስጥ። ነገር ግን ምክትልህ በስሙ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ በምን ሰዓት ምን እንደ ከፈተም ይመዝገብ። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። ለአንድ ቤት አንድ ቁልፍ ብቻ ሠርቶ በኪስ ይዞ መጥፋት ጥንቃቄ አይባልም።

እንግዲያስ ምን ይደረግ? በማለዳ አእምሮህ ሳይደክም ከሁሉ የሚከብደውን አንድ ሥራ ያዝ፤ እስክትጨርሰው ስልክህን አርቀው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ክፍልህን የሚያስፈራ ችግር ቢነሣ ግን በየት በኩል እንደምትገኝ ሰዎችህ ይወቁ። ስብሰባ ከመጥራትህ በፊት ምን እንደሚወሰን፥ ማን እንደሚፈጽመው፥ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቅ፤ መልስ ካጣህ ስብሰባውን ተወው፥ ሰዎችህም ሥራቸውን ይሥሩ። የምታውቀውን ጻፈው። ከዚያም አንድ ቀን አስታውቀህ ከሥራ ቅር፤ ሥራው ከቆመ ያልጻፍኸውና ያላስተማርኸው ነገር እንዳለ በዚያ ታውቃለህ። ብዙ ሰው እሱ ሳይኖር ሥራ ሲቆም ደስ ይለዋል፥ ተፈላጊነቱ የታወቀ ይመስለዋልና። እኔ ግን ይህን ስርቆት እለዋለሁ፤ የሌላውን ሰው ቀን መስረቅ ነውና።

ደግሞም ጥፋት የሚነግርህን አክብር። ያቺ ልጅ ከወር በፊት ያሳሰበችውን ቢሰማት ኖሮ እናቲቱ በጊዜ ቆላቸው ይገቡ ነበር። «ይታሰብበታል» የተባለች ሠራተኛ ሁለተኛ አትናገርም፤ ዝም ያለ ክፍል ደግሞ ደኅና ይመስላል እንጂ ደኅና አይደለም። በወር አንድ ቀን እንኳ ከባለጉዳዩ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ የአንተ አሥር ደቂቃ በዚያ ወንበር ላይ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ማንም ሳይነግርህ ታየዋለህ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነውና። እኛ መምህራን የክፍል አለቃ ስንሾም ምን ነበር የምናዘው? «የሚንጫጫውን ስሙን ጽፈህ አምጣ» ነበር። ደካማውን አስጠና፥ ጠመኔው ሳያልቅ አስታውቅ፥ አንተ ብትታመም ማን እንደሚተካህ ንገረኝ ብለን አናውቅም። ልጁ አለቃነት ማለት ሌሎች ተቀምጠው ሳለ ብቻውን መቆም እንደ ሆነ ተማረ። ያን ኃላፊ በልጅነቱ የክፍል አለቃ አድርጌ የሾምሁት እኔ ነኝ፤ ስም በመጻፍ እጅግ ጎበዝ ነበር፥ እኔም አመሰገንሁት።

ስለዚህ ልጄ፥ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ላልኸኝ መልሴ ይህ ነው፤ የበዛብህ ሥራ አይደለም፥ ያላካፈልኸው ነው። ጥፋቱ የሁለታችን ነውና እኔ ድርሻዬን እዚህ ጻፍሁ። የአንተ ድርሻ ነገ ጧት ቢሮህ ስትገባ ይጀምራል፤ ያቺን ልጅ ጥራና ከወር በፊት ያለችህን እንደገና እንድትነግርህ ለምናት።