የቤት አውቶሞቢል ስለ መለዋወጥ

ከሀብሩ ወረዳ ከመርሳ ከተማ አንድ የቤተ ሰብ አባት ጽፈው የጠየቁን ነገር ለብዙ ቤት የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው የዚህን ወር ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጥተነዋል። እኒህ ሰው አንዲት ትንሽ ቶዮታ ቪትዝ አለቻቸው። በእርስዋም በሳምንት ሁለት ጊዜ ብርቱካንና ማንጎ ወደ ወልድያ ገበያ ይወስዳሉ፤ በየወሩም አረጋዊት እናታቸውን ለሕክምና ወደ ደሴ ያደርሳሉ። አሁን አንድ የወልድያ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የተሠራችውን፣ 290,000 ኪሎ ሜትር የሄደችውን መርሰዲስ ኢ ክላስ ያለ ምንም ጭማሪ በቪትዝዋ ልለውጥዎ ብሎአቸዋል። የእርሳቸው ልብ ወደ መርሰዲስዋ አዘንብሎአል፤ ባለቤታቸው ግን «እማማን መንገድ ላይ ታስቀርብናለች» ብለው አልተስማሙም።

እኛም ከባለቤታቸው ጋር ነን። ይሁን እንጂ የመርሰዲስ ክብር እንዲያው የመጣ አይደለምና ነገሩን በወጉ መመርመር ይገባል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ እኩሌታ እስከ 1980ዎቹ እኩሌታ የተሠሩት የናፍጣ መርሰዲሶች ብረታቸው ወፍራም፣ አሠራራቸውም ግልጽ ስለ ነበረ፣ መፍቻና ትዕግሥት ያለው መካኒክ ሁሉ ይጠግናቸው ነበር። አባቶቻችን ያመሰገኑት ያችን መርሰዲስ ነው። የአሁንዋ ስምዋ እንጂ ጠባይዋ ሌላ ነው። ፍሬንዋን ብቻ ብንመለከት፣ በ2002 በወጣው ሞዴል ከፔዳሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ትእዛዝ በኤሌክትሪክ ነው። ፍሬኑን የሚያዘው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ራሱ እየቈጠረ፣ ልኩ ሲሞላ «ለውጡኝ» ብሎ መብራት ያበራል። ፋብሪካው በግንቦት 1996 ዓ.ም. በዚህ ፍሬን ምክንያት 680,000 የሚያህሉ አውቶሞቢሎችን ለምርመራ ጠርቶ ነበር፤ ኋላም አሠራሩን በዚህ ሞዴል ላይ ትቶ ወደ ቀድሞው ዓይነት ተመልሶአል። በአንዳንዶቹም በብረት ሞላ ፈንታ የአየር ከረጢት ነው ያለው፤ ያረጀ ከረጢት አየሩ ሲወጣ መኪናዋ ሌሊት ሳትታይ ተንበርክካ ታድራለች።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። አውቶሞቢልዋ ስታረጅ የመሸጫ ዋጋዋ ይወርዳል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አብሮአት አይወርድም። ስለዚህ በቪትዝ ዋጋ የተገኘች መርሰዲስ የምትበላው እንደ ቪትዝ ሳይሆን እንደ መርሰዲስ ነው። ባለቤቱም ያለ ጭማሪ ሊለውጣት የፈለገው ከደግነት ብቻ ነው ብለን አናስብም። ዘመኑም ለትንሽዋ አድልቶአል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱን ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። እንግዲህ በየመንገዱ የሚጠግናት የማይታጣ ቪትዝ በእጅ ያለች ጥሪት ናት። መርሰዲስዋ ግን ዕቃዋንም ዐዋቂዋንም የምታገኘው ምናልባት አዲስ አበባ ነው፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በጣርማ በር አሻግሮ በጭነት መኪና መውሰድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ቤንዚኑንም እናስላ። መርሳና ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉና የገበያው ምልልስ በወር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የደሴው ደርሶ መልስ 180 ያህል ሲጨመርበት 660 ነው። ትንሽዋ ጭነት ይዛ በመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትጠጣ 46 ሊትር ይበቃታል። ባለ ስድስት ሲሊንደርዋ መርሰዲስ በመቶ 12 ሊትር ብትጠጣ 79 ሊትር ትፈልጋለች። በየወሩ 33 ሊትር ትርፍ ወጪ ማለት ነው፤ የቤንዚን ሰልፍ የቆመ ሰው ደግሞ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። (በቆዳ ወንበር ላይ የብርቱካን ሣጥን መጫኑንስ ማን ያስችለዋል?)

ይህን ሁሉ ብለን የመርሰዲስዋን ደግነት ብንደብቅ ፍርዳችን አድልዎ ይሆናል። አካልዋ ጽኑ ነው፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚጠብቁ የአየር ትራሶች አሉአት። ለአረጋዊት እናትም ወገባቸው የሚያርፍበት ወንበር ቀላል ነገር አይደለም። በቤቱ ሌላ መኪና ቢኖር፣ ወይም ለጥገና ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ቢኖር፣ ምክራችን ሌላ በሆነ ነበር። ገበያውም ሕክምናውም በአንዲት መኪና ላይ በተንጠለጠለበት ቤት ግን የአንድ ሳምንት መቆም ፍሬውን ያበሰብሳል፤ የሐኪሙንም ቀጠሮ ያሳልፋል።

ወዳጃችን ይህን ሰምተው አሁንም ልባቸው ካልተመለሰ፣ ቪትዝዋን ከማስረከባቸው በፊት ሊብሬውን ይመርምሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች፣ ወይም በባንክ ዕዳ የታገደች አውቶሞቢል ዕዳዋ ሳይነሣ ስምዋ አይዛወርም። ቆጣሪውም በማይል እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ 290,000 ማይል ማለት ከ460,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና። ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችልም የፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የነጂውን ወንበር ጠርዝ አይተው ከቁጥሩ ጋር ያስተያዩ። ከዚያ በኮምፒውተር የሚመረምር መካኒክ ይዘው ከወልድያ ወደ ድልብ የሚያወጣውን ዳገት ይውጡባት። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ፣ ወይም ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ከደነገጠ፣ ከዚያው ይመለሱ። በደኅና ከወጣችም ማታ ከሥርዋ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩአት፤ ጠዋትም ዘይት አንጠባጥባ፣ ወይም በአንድ ወገን ዝቅ ብላ እንደ ሆነ ይዩ።