ትምህርት ቤቱን በክረምት ማን ይየው?

የኩታበር ገበሬ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማረሻውን ያስቀጠቅጣል፤ ሞፈሩንና ቀንበሩን ይመረምራል፤ የጎተራውን ክዳን ይፈትሻል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ለተሰበረ ሞፈር ምትክ ፍለጋ መሯሯጥ ስንት የሥራ ቀን እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዚያው ቀበሌ የሚገኘው ትምህርት ቤት ግን በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። መምህራኑም ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ዝናቡ እጅግ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ሕንፃው ያለ ተመልካች ይቀራል። መስከረም ላይ በሩ ሲከፈት የረጠበ ግድግዳና የበሰበሰ ዴስክ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወረዳው መቼ ያድስልናል? የሚል ነው።

ጥያቄው ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ነው። መምህራን የዓመት ዕረፍታቸውን መውሰዳቸው ጥፋት አይደለም፤ በክረምት ከቀበሌው የማይለየው ገበሬው ነው። ስለዚህ የሁለቱን ወራት ጥበቃ በኃላፊነት መያዝ ያለበት የገበሬ ማኅበሩ አመራር ነው። ዛሬ በመንግሥት አጠራር ቀበሌ ቢባልም ገበሬው እስከ አሁን ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው አካል ማለት ነው።

ይህ ኃላፊነት አዲስ አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31፣ ገበሬ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲሠሩ ከተግባሮቻቸው አንዱ አድርጎ ደንግጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ደግሞ ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ በተመረጠ ኮሚቴ ሥር አዋለ። አዋጆቹ ከሥርዓቱ ጋር ቢያልፉም ሐሳቡ አላለፈም። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተቋቋሙት ለዚሁ ሥራ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት ማሠራት ገበሬው የለመደው ተግባር ነው። ያልተለመደው የሠሩትን ጠብቆ ማቆየት ነው።

ጉዳቱ ከምን እንደሚጀምር ማየት ይጠቅማል። ከቆርቆሮው ላይ አንድ ሚስማር ይላላል። የደጋው ነፋስ የቆርቆሮውን ጫፍ እያነሣ ሲጥለው የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል። ውሃው በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ማገሩንና ወራጁን ያረጥባል፤ ከዚያም በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ምርጊቱ ይታጠባል፤ ጭዱ ይገለጣል። እግሩ የረጠበው ቋሚ በአፈሩ ዳር መበስበስ ይጀምራል፤ ለምስጥም ይመቻል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ግድግዳው ይዘምማል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሚስማርና አንድ መዶሻ የሚበቃው ሥራ፣ በሦስተኛው ዓመት ከደሴ በመኪና የሚጫን ቆርቆሮና እንጨት፣ የአናጢም ዋጋ ይጠይቃል። በወሎ ደጋ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልጉ ቢያጥርና ቢያስቸግርም ክረምቱ ሳይደርስ ጣሪያውን አስቀድሞ የሚፈትን እርሱ ነው። በሚያዝያ አንድ ክፍል ውስጥ ጠብታ ከታየ በሐምሌ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ሥራው በግንቦት መጀመር አለበት። ከየጎጡ ሁለት ሦስት ሰው፣ ከመካከላቸውም አናጢነት የሚያውቅ ተመርጦ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሕንፃውን ይዞራል። የላላው ሚስማር ይመታል። የተዘጋው አሸንዳ ይጠረጋል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን እንዳይበላ በሕንፃው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይ ደለሉ ይወጣለታል። የተገለጠው ምርጊት በጭድ በተቦካ ጭቃ ይለሰናል፤ ይህም ፀሐይ ሳለ እንጂ ዝናብ ከጀመረ በኋላ አይሆንም። በክረምቱ ደግሞ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት አንድ ሰው በየተራ ክፍሎቹን ከፍቶ ቢያይ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዘር ወቅት ግማሽ ሰዓትም ዋጋ እንዳለው አይካድም፤ ተራው ግን ለአንድ አባወራ በክረምት ከአንድ ቀን በላይ ላይደርሰው ይችላል።

የዴስክ ጉዳይ ለብቻው መነሣት ይገባዋል። ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚላላው ብሎኑ ነው። ብሎኑን የሚያጠብቅ ሰው ከጠፋ እግሩ ይገነጠላል፤ ከዚያም ዴስኩ ከክፍሉ ጀርባ ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል። መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የብሎን መፍቻ የያዘ አንድ ሣጥን በትምህርት ቤቱ ቢኖር ብዙ ዴስክ ይድናል። ከሁለት ስብርባሪ አንድ ደኅና ዴስክ ይወጣል። ብየዳ ለሚያስፈልገው የብረት ዴስክ ደግሞ፣ ደሴ ያለው የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምዳቸው እንዲሠሩት በወረዳው በኩል መጠየቅ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ንብረት ሳይመዘገብ ግን ጥበቃ የለም። መንግሥት የሰጠው ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ይህን ርእሳነ መምህራን ያውቁታል። ችግሩ ሕዝቡ ያዋጣው ነው። ገበሬው ያመጣው እንጨት፣ ከተማ የሚኖር የአካባቢው ተወላጅ የላከው መጽሐፍ፣ ግብረ ሠናይ ድርጅት የሰጠው ወንበር በጭብጨባ ተቀብሎ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያልተመዘገበ ንብረት ቢጠፋ ጠያቂ የለውም። በሰኔ በሚደረገው ቆጠራ የቦርዱ ሰው ተገኝቶ የሚሠራው፣ የሚጠገነውና የማይጠገነው ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ርእሰ መምህር ሲዛወርም ርክክቡ በቆጠራ እንጂ በቃል መሆን የለበትም።

የመዝገቡን ጥቅም ኩታበር በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ኩታበር፣ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል። ከዚያ በኋላ መልሶ ለማቋቋም የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ምን ነበራችሁ? ምን ጠፋባችሁ? የሚለውን ነው። መዝገቡ ከዴስኩ ጋር በአንድ ክፍል ተቆልፎ አብሮ ከጠፋ፣ መልሱ ግምት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መቀመጥ አለበት። ወጪው ጥቂት ወረቀት ነው።

ለሚስማርና ለብሎን የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በተማሪ ቁጥር የሚታሰበው የትምህርት ቤት ድጎማ ሲመጣ ከሌላው ወጪ በፊት ለጥገና የሚሆነው ይነሣለት። ከግቢው ሣርና ባሕር ዛፍ ሽያጭ የሚገኘውም ገቢ አለ። ይህ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ገበሬው በስብሰባ ሲነገረው፣ ለሚቀጥለው መዋጮ እጁ አያጥርም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው መቆየታቸው ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል። ለተዘጋ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሙሉ እንደ ክረምት ነው። ቀዳዳውን የሚያይ መምህር የለም፤ በሩን የሚገፋ ግን አይጠፋም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆጠራው እስከ ሰኔ መቆየት የለበትም፤ ትምህርት በተቋረጠበት ሳምንት መደረግ አለበት። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ጣሪያውን በየስንት ቀኑ ማን እንደሚያይ፣ ስማቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።