የብድሩ ውል ሳይፈረም ነጋዴውም ይጠየቅ

“አካባቢ ጥበቃ” ሲባል የብዙ ነጋዴ ሐሳብ የሚሄደው ወደ ክረምት ችግኝ ተከላ ነው። ሰሞኑን ስለዚሁ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው አንድ የመርካቶ ቆዳ ነጋዴ “እሱማ የእነ ኤንጂኦ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” ሲሉ መለሱልኝ። በአክብሮት አልስማማም። ያገባናል፤ ያውም በኪሳችን በኩል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም ባንክ ብድር ለሚሰጥባቸው ፕሮጀክቶች ያወጣቸውን የአካባቢና የማኅበራዊ ደኅንነት ደንቦች ለማሻሻል በ2012 ሕዝባዊ ምክክር ከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ረቂቁ በ2014 እና በ2015 ለአስተያየት ወጣ። ባንኩ እንዳስታወቀው ምክክሩ በ63 አገሮች ወደ 8,000 የሚጠጉ ተሳታፊዎችን አዳርሷል። አዲሱ ደንብ በኦገስት 2016 ጸደቀ፤ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ለመሆኑ ከነዚያ 8,000 ሰዎች መካከል አንባቢ የሚያውቀው ነጋዴ ወይም ደላላ ይኖር ይሆን?

ደንቡ አሥር መመዘኛዎች አሉት። ለገበያው ሰው የሚቀርቡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ዘጠነኛው የዓለም ባንክን ገንዘብ ተቀብለው መልሰው የሚያበድሩ የአገር ውስጥ ባንኮችን ይመለከታል። ባንኩ የተበዳሪውን ፍሳሽ፣ ጭስና የሠራተኛ ደኅንነት ሳይመረምር ያንን ገንዘብ እንዳያበድር ያስገድደዋል። አሥረኛው ስለ ምክክርና መረጃን ይፋ ስለማድረግ ነው። ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2016 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተፈቀደው 200 ሚሊዮን ዶላር የመጣው በልማት ባንክ በኩል ነው። የቦሌ ለሚ ሁለትና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮችም የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለባቸው ናቸው።

ምክክር ሲዘለል ምን እንደሚከተል ለማየት ወደ ሕንድ እንሻገር። የዓለም ባንክ በናርማዳ ወንዝ ላይ ለሚሠራው የሳርዳር ሳሮቫር ግድብ በ1985 የ450 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። የሚፈናቀሉት ሰዎች በአግባቡ አልተጠየቁም፤ የአካባቢ ጥናቱም አልተሟላም። ተቃውሞው ሲበረታ ባንኩ ገለልተኛ አጣሪ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በ1992 ያወጣው ሪፖርት ባንኩንም ሕንድንም ወቀሰ። በ1993 ሕንድ ያልተከፈለውን 170 ሚሊዮን ዶላር እንደማትፈልግ አስታወቀች።

ሥራው ግን አልቆመም፤ ገንዘብ ከሌላ ቦታ መገኘት ነበረበት። ግድቡን የሚሠራው የጉጅራት መንግሥት ኩባንያ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዛሬ በ3,600 ሩፒ ተሸጦ ከሃያ ዓመት በኋላ 111,000 ሩፒ የሚከፈልበት ቦንድ ለገበያ አቀረበ። ሒሳቡ ሲሠራ በዓመት ከ18 በመቶ በላይ ወለድ ማለት ነው። ሩፒና ዶላር እኩል እንደማይመዘኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ዕዳው ከብዶ መንግሥት በ2008 ቦንዱን ያለጊዜው መልሶ ለመክፈል የሚያስችል ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። መጀመሪያ ያልተደረገው ምክክር ይህን ያህል ያስከፍላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግልገል ጊቤ ሦስት አለ። ግንባታው በ2006 ሲጀመር የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ የጸደቀው በ2008 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ጉዳዩን ሲያጤኑ ቆይተው በ2010 ሳያበድሩ ቀሩ። ለኤሌክትሮ ሜካኒካል መሣሪያው ገንዘብ ያበደረው የቻይናው ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ነው።

“ታዲያ ግድቡ ተሠርቶ የለም እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ተሠርቷል፤ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ2016 ተመርቋል። ነገር ግን ገበያ የሚያውቅ ሰው አንድ ገዢ ብቻ የቀረው ሻጭ ዋጋ እንደማይጠራ ያውቃል። አበዳሪዎቹ አንድ በአንድ የራቁት ተበዳሪም ዕጣው ከዚህ አይለይም። በወለዱም ሆነ በመክፈያው ጊዜ ላይ የመከራከር አቅሙ ይመነምናል።

ደግሞስ ምክክር የፈረንጅ ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው ማነው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች በሚመለከት ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ሕጉ ሳይሆን ተጠያቂውና ጠያቂው በጊዜ መገናኘታቸው ነው።

ምክክር ስል አበል ተከፍሎ፣ ሻይ ቡና ተብሎ፣ ፊርማ ተሰብስቦ የሚበተነውን ስብሰባ ማለቴ አይደለም። እንዲያ ያለው ጊዜ ከማባከን በቀር ለማንም አይበጅም። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ የፕሮጀክቱ ሰነድ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ለቀረበው አስተያየት ሁሉ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመለስ። ሦስተኛ፣ መልሶ የሚያበድረው ባንክ መመዘኛውን ለደንበኛው ገና በማመልከቻው ዕለት ይንገረው እንጂ መያዣው ከተገመተና መሬቱ ከተገዛ በኋላ አይሁን። የንግድ ምክር ቤቶቻችንም እነዚህን ረቂቆች እየተከታተለ ለአባላቱ የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ ቢመድቡ ወጪው ብዙ አይደለም።

ወደ ቆዳ ነጋዴው ልመለስ። ቆዳቸውን የሚረከበው ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ የለህም ተብሎ የማስፋፊያ ብድር ቢከለከል፣ በማግስቱ ጨው እንደተነሰነሰበት የሚቆለለው ቆዳ የሳቸው መጋዘን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ “ማን ጠየቀኝ?” ቢሉ ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ይሆናል። የሚጠየቀው አሁን፣ ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ ነው።