ቢሾፍቱ እስኪደርስ የቦሌ መንገደኛ አይዘንጋ

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ከባድ አውሮፕላን ነዳጁንም ጭነቱንም ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ለነዳጅ አርፎ፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ የሚገባው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዙሪያውንም ከተማዋ ውጣዋለች። በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረውን፣ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለውን የቢሾፍቱን ኤርፖርት ይህ ጋዜጣ የሚደግፈው ለዚህ ነው።

የሚያሰጋን ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ኤርፖርት ይጠናቀቃል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2030 ነው። እስከዚያ ድረስ የቦሌ ችግር በተነሣ ቁጥር «ቢሾፍቱ ሲያልቅ ይፈታል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። አይፈታም።

ቦሌ ላይ የሚጋፋው ሰው ቀኑን ሙሉ እኩል አይመጣም። ማለዳ ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች የገቡት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሉሳካና ከኪንሻሳ የመጣው ነጋዴ ለጓንዡ፣ ለዱባይና ለሙምባይ ይሰለፋል። የአየር መንገዱ ትርፍ የተገነባው በዚህ መቀባበል ላይ ስለሆነ ይቅር አንልም። ነገር ግን ተርሚናል 2 በ1995 ዓ.ም. ተከፈተ፣ በ2011 ዓ.ም. በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆኖ ሰፋ፤ ሰልፉ ግን በእነዚያው ሰዓታት ዛሬም አለ። ቢሾፍቱ ላይ 60 ሚሊዮን የሚያስተናግድ አዳራሽ ቢሠራም ግርግሩ ተከትሎ ይሄዳል። ሰልፉን የሚያሳጥረው በግርግሩ ሰዓት የኢሚግሬሽኑና የፍተሻው መስኮት ሁሉ ሰው ሲኖረው ነው። ይህ ደግሞ የፈረቃ ድልድል እንጂ ሲሚንቶ አይጠይቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበርሩት ናቸው። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ኩዌት ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችን የኤጀንሲውን ፌስታል ታቅፈው፣ የበረራ ሰሌዳው ምን እንደሚል ሳይገባቸው የፊተኛዋን እየተከተሉ ይጓዛሉ። ፎርም የሚሞላላቸው አጠገባቸው የተገኘ መንገደኛ ነው። ለእነርሱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የሚመሩ ሠራተኞች በየምሽቱ ይመደቡ። የገዛ አገራቸው ኤርፖርት ላይ ባዕድ ሊሆኑ አይገባም።

ሸኚና ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ እንዳይገባ መከልከሉን ከጸጥታ አንጻር እንረዳለን። አንዱን ሰው ለመቀበል ቤተሰቡ በሙሉ፣ አንዳንዴም ሠፈሩ ሁሉ አበባ ይዞ ይወጣልና። ሆኖም ከመኪና ማቆሚያው አካባቢ ለሚጠብቁ አዛውንት በቂ ወንበር፣ ከክረምት ዝናብ የሚያስጥል መጠለያና በረራው መድረሱን የሚነግር ሰሌዳ ይገባቸዋል።

የኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋህዷል። ስለዚህ የመንገደኛው መስተንግዶ ጥያቄ በቅድሚያ ለአየር መንገዱ፣ ቀጥሎም ለኢሚግሬሽን አገልግሎት ይቀርባል። ሁለቱም በግርግሩ ሰዓት አንድ መንገደኛ ከመግቢያው በር እስከ መሳፈሪያው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለክተው በየወሩ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን።