በውሃ ላይ የሚዝናና ውሃውን ይጠብቅ

ሰው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን እንዲያርፍ መታዘዙ፥ ዕረፍት የሥራ ጠላት ሳይሆን የሥራ ወንድም መሆኑን ያስረዳል። ዕረፍት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉልበትን የሚያድስ፥ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቅ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብንና ጤናን የሚያባክን ነው። ከፊተኛው ወገን ከሚቈጠሩት አንዱ በሐይቅ ላይ በታንኳና በጀልባ እየቀዘፉ ነፋስ መቀበል ነው። በብዙ አገር ሰዎች ለዚሁ ነገር ማኅበር ያቆማሉ፤ ጀልባውን በጋራ ይገዛሉ፥ ልጆቻቸውን ዋና ያስተምራሉ፥ ውሃ የጣለውን ያወጣሉ፥ በበዓል ቀንም እየተሽቀዳደሙ ይደሰታሉ። ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር ያሰብነው ለድሬዳዋ ሰው ነው።

«ድሬዳዋ ሐይቅ የላት፥ ጀልባ ከወዴት መጣ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ደቻቱ የዓመቱን ብዙ ክፍል ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ሰውና ከብት በእግር ይሻገሩታል። ነገር ግን ከከተማው በላይ ባሉት ተራራዎች ኃይለኛ ዝናም የዘነመ እንደ ሆነ፥ ያ አሸዋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያገሣ ጎርፍ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጥ ሰው ከነመኝታው ጠርጎ እንደ ወሰደ፥ ስንቱንም ቤት እንዳፈረሰ የከተማው ሰው አልረሳውም። እንግዲህ የድሬዳዋ ሰው ውሃን የሚያውቀው በሁለት መልክ ብቻ ነው፤ ወይ ጥም ሆኖ ይመጣበታል፥ ወይ ጎርፍ ሆኖ ይደርስበታል። ውሃን እንደ ወዳጅ በሰላም ዳሩ ተቀምጦ የሚያይበት ሥፍራ ከከተማው ውስጥ የለውም።

ይህን ሥፍራ ከደጋው ያገኘው ነበረ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው፥ ሐረር ሳይደርስ ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረውን የሐረማያን ሐይቅ ያገኛል። የቆላው ሙቀት የጸናበት ሰው ወደዚያ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ነፋስ ይቀበል ነበረ፤ ወፉን ያያል፥ ዓሣውን ይበላል፥ ልጆቹን ስለ ውሃ ያስተምራል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሐይቁ አጠገብ የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ፥ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተባለው፥ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣውን ተማሪ ያሳደገው በዚህ ውሃ ፊት ነው። የሐረር ከተማም ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

ይህ ሐይቅ ግን ሁላችንም እያየነው ሞተ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ውሃው አለቀ፤ ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው ሥፍራ ከብት ተሰማራበት፥ አትክልት ተተከለበት። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ሐረማያ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ሥፍራ ስለ ሆነ፥ የሚቀበለው በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደውን ዝናም ብቻ ነው፤ ጥልቀቱም ትንሽ ነው። በኮረብታዎቹ ላይ የነበረው ዛፍ በተቈረጠ ጊዜ ዝናሙ አፈሩን ይዞ ወርዶ የሐይቁን ወለል ሞላው። በበጋ የሚሸጥ ጫት ዋጋው ከፍ የሚል በመሆኑ፥ ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በየዳርቻው የውሃ መሳቢያ ሞተር አቆመ። ሐረርና ሌሎቹም ከተሞች ሕዝባቸው እየበዛ ሲሄድ የሚስቡትን ውሃ አበዙ። ፀሐይም በበኩሏ የድርሻዋን ወሰደች። ውሃው ከላይ ባለቀ ጊዜ ደግሞ፥ ሰው የሐይቁን ወለል እየቈፈረ ከሥሩ ያለውን መሳብ ቀጠለ።

ከእነዚህ ሁሉ ማንም ሐይቁን ልግደል ብሎ የተነሣ የለም። እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ ጥቂት የመሰለውን ነው። ገበሬው ልጆቹን ለማብላት፥ ከተማው ሕዝቡን ለማጠጣት ወሰደ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ተረት ስለ ዋናተኛ የተነገረ ነው፤ በሐረማያ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሰው ውሃውን እያሳሳቀ ወሰደው። ዳኛ ቢቀመጥ እንኳ የሚፈርድበትን አንድ ሰው አያገኝም፤ ሁሉም የበላበት ገበታ ነውና።

ይህ ነገር የደጋው ሰው ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የድሬዳዋ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ሐረር ለዓመታት በውሃ ጥም ተጨነቀች፤ በመጨረሻም በድሬዳዋ አካባቢ ከተቈፈሩ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ እየተገፋ ከቆላ ወደ ደጋ እንዲወጣ ተደረገ። ከጥንት ጀምሮ ውሃ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል እንጂ ከቆላ ወደ ደጋ አይወጣም ነበረ። ድሬዳዋም የምትጠጣው ያንኑ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የጉድጓዶቹም ውሃ በደጋው ላይ ከዘነመው ዝናም ወደ መሬት ሠርጎ የወረደ ነው። ደጋው ዛፉን ያጣ እንደ ሆነ ዝናሙ ሊሠርግ ጊዜ አያገኝም፤ እየሮጠ ይወርዳል። ጉድጓዱን የሚያደርቀውና ጎርፉን የሚያበረታው አንድ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ዝናሙ በመበርታቱና በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች ላይ እርከን በመሠራቱ ችግኝም በመተከሉ፥ ውሃው ወደ ሐረማያ ተመለሰ። ወፉ ተመለሰ፤ ሰውም ወደ ዳሩ ተመልሶ በጀልባ መንሸራሸር ዠመረ። የቀድሞውን የሚያስታውሱ ሽማግሎች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ለማየት የሚሄዱበት ነገር ሆነ።

በዓለም ላይ የጠፋ ሐይቅ ብዙ ነው፤ የተመለሰ ግን ጥቂት ነው። በማዕከላዊ እስያ ያለው የአራል ባሕር፥ ወደ እርሱ የሚፈሱት ወንዞች ለጥጥ እርሻ ከተጠለፉ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እየሸሸ ሄዶ፥ የዓሣ አጥማጆቹ መርከቦች በበረሐ መካከል ቆመው ዛጉ። የካዛክስታን መንግሥት ሐረማያ በደረቀበት ወራት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005፥ በሰሜኑ ወገን ግድብ ቢሠራ፥ ያ ክፍል ውሃው ከፍ አለ፥ ዓሣውም ተመለሰ። የደቡቡ ወገን ግን እንደ ደረቀ ቀረ። ከዚህ የምንማረው የተመለሰ ውሃ ጠባቂ ያገኘ እንደ ሆነ ብቻ የሚቀመጥ መሆኑን ነው። የሐረማያን ውሃ ያመጣው ዝናም ነገ ያነሰ እንደ ሆነ፥ የፊተኛው ነገር እንደማይደገም ማን ዋስ ይሆናል?

እኛም የጀልባን ነገር ያነሣነው ስለዚህ ነው። ውሃ የሚያስገኘው ጥቅም መቅዳት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ የሚቀዳው ሰው ሁሉ ሌላው ሳይቀድመው ለመቅዳት ይሽቀዳደማል። የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያተርፈው ውሃው ሲወጣ ነው፤ ጀልባ ግን የሚያተርፈው ውሃው ሲቀመጥ ነው። በሐይቁ ዳር ጀልባ የሚቀዝፍ፥ ሻይ የሚያፈላ፥ ዓሣ የሚጠብስ ወጣት በበዛ ቁጥር፥ ውሃው ሲጎድል የዕለት እንጀራው የሚጎድልበትና ስለዚህ የሚጮኽ ሰው ይበዛል። ከድሬዳዋና ከሐረር በሰንበት የሚወጣው ቤተ ሰብም ልጁ የሚወደውን ውሃ በደንታ ቢስነት አያየውም። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም።

አንዳንዱ «ገበሬው ለሰብሉ ውሃ እየፈለገ፥ የከተማ ሰው በውሃ ላይ ሊጫወት ነውን?» ይል ይሆናል። ገበሬውን ለማስቀየም አልተነሣንም፤ የሐይቁም ጎረቤት ከማንም በፊት እርሱ ነው። ነገር ግን ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ከሁሉ በፊት የተጎዳው ማን ነው? ሞተሩ የሚስበው አጥቶ የቆመበት፥ ጉድጓዱን ከዓመት ዓመት ወደ ታች እያጠለቀ ገንዘቡን የጨረሰው እርሱ አይደለምን? ስለዚህ የገበሬው ልጅ በማኅበሩ ውስጥ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት መሆን አለበት።

እንግዲህ የሚቋቋመው ማኅበር የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የጥበቃም ይሁን። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ይመስለናል።

ፊተኛው ነገር የሰው ሕይወት ነው። በቆላ ያደገ ልጅ ዋና አያውቅም፤ ውሃውን ሲያይ ግን ይደፍረዋል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ልብስ ያልለበሰ ሰው ከጀልባ አይሳፈር፤ ከተወሰነው ቁጥር በላይ አይጫን፤ ማዕበል ሲነሣ ጀልባ ከዳር አይልቀቅ፤ ዋና የሚያስተምርና የሰጠመ የሚያወጣ ሰው ዘወትር ከሥፍራው አይታጣ።

ሁለተኛው የውሃው ንጽሕና ነው። ሐይቁ ትንሽ ስለ ሆነ በሞተር ከሚነዳ ጀልባ ይልቅ በመቅዘፊያ የሚሄደው ይሻለዋል፤ የሞተር ዘይትና የላስቲክ ጠርሙስ መውጫ በሌለው ውሃ ውስጥ የወደቀ እንደ ሆነ ከዚያው ይቀራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በሐይቁ ውስጥ ምልክት ያለበት ምሰሶ ይተከል፤ በየወሩም የማኅበሩ ሰዎች፥ የገበሬዎቹ ሽማግሎችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድነት ቆመው የውሃውን ልክ ያንብቡ። ያነበቡትም በሐረማያ፥ በሐረርና በድሬዳዋ በአደባባይ ይለጠፍ። ውሃው ከተወሰነው ምልክት በታች የወረደ እንደ ሆነ፥ መሳቢያው እንዲቀንስ ሁሉ አስቀድሞ የተስማማበት ደንብ ይኑር፤ በዚያን ጊዜም ከገበሬው አስቀድሞ ማኅበሩ ራሱ ጀልባዎቹን ከውሃ አውጥቶ ምሳሌ ይሁን። ሐይቁ ቀድሞ የሞተው ልኩን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አይደለም፤ ሊቃውንቱ መዝነው ጽፈውት ነበረ። የጎደለው፥ ጽሑፉን ሕዝብ ሁሉ በየወሩ የሚሰማው ነገር አድርጎ የሚያወጣው ነው።

አራተኛው፥ ከጀልባ ከሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ክፍል በኮረብታው ላይ ለችግኝና ለእርከን ይውጣ። ሐይቁ የሚጠበቀው ከዳሩ ሳይሆን ከተራራው ነው።

ይህን ለመፈጸም የሚያስቸግረው የገንዘብ ነገር አይደለም። ሐይቁ በኦሮሚያ ነው፤ ቀድሞ የጠጣው የሐረሪ ክልል ነው፤ ውሃውን በጉድጓድ የሚሰጠው፥ የሚዝናናውንም ሕዝብ የሚልከው የድሬዳዋ አስተዳደር ነው። ለሦስት አስተዳደር የሆነ ነገር ለማንም እንዳልሆነ እንዳይቀር ያሠጋል። ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያላችሁ ሹማምንት አንድ ጊዜ በሐይቁ ዳር ተገናኝታችሁ አንድ ደንብ ብትፈራረሙ፥ በየቢሮው ከሚጻፈው ብዙ ደብዳቤ ይልቅ ይጠቅማል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ኦሮሞውን፥ ሶማሌውን፥ ሐረሪውን፥ አማራውን፥ ጉራጌውን፥ ዐረቡን፥ ግሪኩንና አርመኑን በአንድ ገበያ አገናኝታ በእድርና በስፖርት ማኅበር ያኖረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ለዚህ ስምምነት ቀዳሚ ልትሆን ይገባታል።

ለካህናት አባቶቻችንም የምንለው አለን። በጣና ደሴቶች ያሉት ገዳማት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሰውን፥ እህልንና መጻሕፍትን ሲያመላልሱ ስንት መቶ ዓመት ኖሩ፤ ታንኳቸውም ውሃውን አልጎዳውም። እምቦጭ የተባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ በተነሣ ጊዜ፥ በእጁ ሊነቅለው ወደ ውሃው የገባው በውሃው ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። በየደብሩ ዙሪያ የቆመው ዛፍም የሰው ምሳር ሳይነካው የኖረው በአባቶች ቃል ነው። እንደዚሁ በሐረማያ ዙሪያ ቃላቸው የሚሰማ ሸኾችና የአገር ሽማግሎች አሉ። ካህኑና ሸኹ በአንድ ቀን በአንድ ኮረብታ ላይ ችግኝ ቢተክሉ፥ ያን ችግኝ ለማገዶ የሚነቅል እጅ ይፈራል።

ወጣቶች ሆይ፥ በሰንበት ወደ ሐረማያ ስትወጡ ከጀልባው ላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ያ ሥፍራ ከጥቂት ዓመት በፊት የተሰነጠቀ ጭቃ ነበረ። መቅዘፊያውን በያዛችሁበት እጅ አካፋም ያዙ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ ለብቻው የከበደው ለማኅበር ይቀላል።

አንድ ጊዜ የጠፋ ነገር ሁለተኛ ሲሰጥ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ፈተናም ነው። ፊተኛውን ሐይቅ ያጣነው ባለማወቅ ነው ብለን ይቅርታ ልንለምን እንችላለን፤ ይህን ሁለተኛውን ያጣን እንደ ሆነ ግን ለልጆቻችን የምንመልሰው ቃል አይኖረንም። እግዚአብሔር ዝናሙን በጊዜው ያውርድልን፤ የወረደውን የምንጠብቅበትንም ልብ ያድለን።