የተቃና ፎቶግራፍ ሁሉ ልኬት አይደለም፦ በጋምቤላ የጎርፍ ምልክቶችን ከምስል ስለ መለካት

የባሮ ወንዝ በክረምት ከዳርቻው አልፎ ሲፈስ፣ በጋምቤላ ከተማም ሆነ እንደ ኢታንግ ባሉ ዝቅተኛ ወረዳዎች፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ትቶ ይመለሳል። ይህ መስመር ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚመሰክር ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀጣዩ ዝናብ ያጥበዋል፣ ባለቤቱም ግድግዳውን መልሶ ይመርገዋል። ስለዚህ ምልክቱን በስልክ ፎቶ ማንሣት ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ምስሉ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ የተቃና ፎቶግራፍ በራሱ ልኬት አይደለም የሚል ነው፤ ልኬት የሚሆነው የተቃናበት መንገድ ሲገለጽና ያ መንገድ ለሚለካው ቅርጽ ሲስማማ ብቻ ነው።

ካሜራ ወደ ላይ ቀና ሲል የግድግዳ ቋሚ ጠርዞች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ይታያሉ። ይህ የሌንስ ጉድለት አይደለም። የሌንስ መዛባት ቀጥተኛውን መስመር ያጎብጣል፤ የፐርስፔክቲቭ መዛባት ግን ቀጥተኛውን ቀጥተኛ እንደሆነ ትቶ የርቀቶችን ምጥጥን ይለውጣል። ዓይን በቀላሉ ስለማይነቃበት ይበልጥ ያሳስታል። ለምሳሌ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነን ግድግዳ፣ በ3 ሜትር ርቀት የቆመ ሰው ካሜራውን ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ይዞ በ8 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና አድርጎ ቢያነሣው፣ በትክክል 1 ሜትር ላይ ያለ የጭቃ መስመር በምስሉ ላይ በምጥጥን ሲሰላ ወደ 1.10 ሜትር ይጠጋል። የ10 ሴንቲ ሜትር ስህተት አንድ ቤተሰብ የቤቱን ወለል ምን ያህል ከፍ አድርጎ መሥራት እንዳለበት በሚወሰንበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

ከፎቶግራፍ መለካት በራሱ ስህተት የለበትም። ጀርመናዊው አልብሬኽት ማይደንባወር እ.ኤ.አ. በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ከተቃረበ በኋላ ነበር ሕንፃን ከፎቶግራፍ የመለካትን ሐሳብ ያፈለቀው። የዛሬው ማቃኛ ስሌት፣ ሆሞግራፊ፣ ስምንት ያልታወቁ መጠኖች አሉት። እነዚህን ለማግኘት በአንድ ጠለል ላይ ያሉ፣ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ፣ መገኛቸው በሜትር የተለካ አራት ነጥቦች ይበቃሉ። የበርና የመስኮት ማዕዘኖች ለዚህ ያገለግላሉ፤ ከግድግዳው ገጽ ጋር እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

በአንጻሩ የስልክ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚሠሩት ማቃናት እነዚህን ልኬቶች አያውቃቸውም። ጠርዞቹን ትይዩ ያደርጋል እንጂ የቁመትና የወርድ ምጥጥን ወደ እውነተኛው ለመመለሱ ዋስትና የለውም። ምስሉ ለዓይን ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ግምት ሆኖ ይቀራል። በተጨማሪም ማቃናት የምስሉን ጥራት አይጨምርም። በምስሉ ተጨምቆ የነበረው የግድግዳው የላይኛ ክፍል ሲለጠጥ፣ አዲሶቹ ፒክስሎች ከጎረቤቶቻቸው የተሰሉ እንጂ ካሜራው ያያቸው አይደሉም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስለ ክብ ቤቶች ነው። ሆሞግራፊ የሚሠራው ለጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። የአኝዋክና የኑዌር ባህላዊ ቤቶች ግን ክብ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው ናቸው። ከካሜራው ከፍታ በታች ወይም በላይ ያለ የጭቃ መስመር በክብ ግድግዳ ላይ ጎብጦ ይታያል፤ ሆሞግራፊ ደግሞ ቀጥተኛውን ወደ ቀጥተኛ እንጂ ኩርባን ወደ ቀጥተኛ አይለውጥም። አራት ነጥብ መርጦ ስሌቱን ማስኬድ ይቻላል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ተቃውሞ ምስል ይሰጣል፤ ውጤቱ ግን የተሳሳተ ነው። በዚህ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ጥናት ባለ ቆርቆሮውን አራት ማዕዘን ቤት በትክክል ሲለካ፣ የጎጆውን ባለቤት ወይ ያሳስተዋል ወይ ከነጭራሹ ይተወዋል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለክብ ግድግዳ፣ በቱምቢ ወይም በውሃ ልክ ቀጥ ተደርጎ፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ ግድግዳውን አስነክቶ የቆመ ባለ ልኬት ዘንግ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከዘንጉ ላይ በቀጥታ ይነበባል። ጊዜና መሣሪያ ያለው ተመራማሪ ደግሞ ቤቱን ዙሪያውን ተደራራቢ ፎቶዎች አንሥቶ ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል ሊሠራ ይችላል።

በውሃ በተከበበ መንደር ሜትር ይዞ ነጥብ መለካት አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አራቱን ነጥቦች በዚያው ቀን መለካት ግዴታ አይደለም። ግድግዳው ሳይፈርስና በሩ ሳይቀየር እስከቆየ ድረስ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ተመልሶ መለካት ይቻላል። በጎርፉ ሰዓት ነዋሪው ያነሣው ፎቶም በዚህ መንገድ ወደ ማስረጃነት ይመጣል። ለዚህ ግን ዋናው ፋይል ሳይቆረጥና ሳይቃና መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ የምንገመግማቸውም ሆኑ የምናቀርባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ከተቃና ፎቶ ቁጥር ሲወስዱ፣ ዋናውን ምስል፣ አራቱን የተለኩ ነጥቦች፣ የተመረጠውን ጠለልና ለስሌቱ ያልዋለ አምስተኛ ነጥብ ያሳየውን ስህተት ያያይዙ። አምስተኛዋ ነጥብ የምትጠይቀው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያለ እርሷ ግን አንባቢው ልኬትን ከግምት የሚለይበት መንገድ የለውም።